የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ታካሚና ለቤተሰቡ

«መቅኔው ሊቀየርለት ነው» ሲባል ብዙ ሰው ጀርባ ተቀዶ፣ አከርካሪ ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይመስለዋል። አይደለም። ቀኑ ሲደርስ ነገሩ ደም ከመውሰድ ብዙም አይለይም፦ በአንገት ሥር ወይም በደረት ላይ በገባ ቱቦ ደም የሚሠሩ የመቅኔ ሕዋሳት የያዘ አንድ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ያልቃል። ከባዱ ሥራ ከዚያ በፊት ያሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ለንቅለ ተከላው ወደ ውጭ አገር፣ በተለይም ወደ ሕንድ ለሚሄድ ሰው የተጻፈው በአመዛኙ ስለ ዝግጅትና ስለ መመለስ ነው፤ ስለ ከረጢቱ ብዙ የሚባል የለም።

መቅኔ ምን እንደሆነ ቅልጥም ሰብሮ የመጠጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ በአዋቂ ሰው የእግር አጥንት ውስጥ ያለው አብዛኛው ስብ መሆኑ ነው። ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ የሚገኘው በዳሌ፣ በደረት፣ በጎድንና በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ነው። ከአከርካሪው ውስጥ ከሚያልፈው የነርቭ ገመድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። «መቅኔ ከተነካ ሽባ ያደርጋል» የሚለው ፍርሃት የመጣው ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። ለምርመራም ሆነ ለልገሳ መርፌው የሚገባው ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ በዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ ላይ ነው።

ለማን ይጠቅማል

«የደም ካንሰር» የሚባለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ንቅለ ተከላ አይፈልግም። ሥር የሰደደው ማየሎይድ ሉኪሚያ ዛሬ በአብዛኛው ኢማቲኒብን በመሳሰሉ እንክብሎች ይያዛል፤ ንቅለ ተከላ የሚታሰበው መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ወይም በሽታው ሲባባስ ነው። ድንገተኛዎቹ ሉኪሚያዎች ግን በኬሞ ጠፍተው እንዳይመለሱ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው መቅኔ ያስፈልጋቸዋል። መቅኔው ደርቆ ደም መሥራት ያቆመበት ሰው፣ አፕላስቲክ አኒሚያ የሚባለው፣ ወጣት ከሆነና የሚመሳሰል ወንድም ወይም እህት ካለው ንቅለ ተከላ የመጀመሪያ ምርጫው ነው። መልቲፕል ማየሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰርና ከሕክምና በኋላ ተመልሶ የመጣ ሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰር፣ ደግሞ ባብዛኛው በራስ ሕዋስ ይታከማሉ።

በራስ ሕዋስ ማለት የታካሚው ሕዋስ ተሰብስቦ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከባድ ኬሞ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ያው የራሱ ይመለስለታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሕዋሱ መድኃኒት አይደለም፤ ኬሞው ያፈረሰውን መልሶ የሚገነባ ነው። በለጋሽ ሕዋስ ሲሆን ግን አዲሱ መቅኔ አዲስ የመከላከያ ሠራዊት ይዞ ይመጣል። የቀረውን ካንሰር የሚገድለው ይህ ሠራዊት ነው፤ ሲስት ደግሞ የታካሚውን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት የሚያጠቃው እሱው ነው። ሐኪሞች ጂቪኤችዲ የሚሉት ይህንን ነው። «የራስ ነው ወይስ የለጋሽ?» የሚለውን ሳያጣሩ ወጪም ጊዜም ማስላት አይቻልም።

ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ በሽታዬ አሁን ጠፍቷል ወይስ ገና አለ? ንቅለ ተከላው ባይደረግ ምን ይጠብቀኛል? ልቤ፣ ኩላሊቴ፣ ጉበቴና ሳንባዬ ኬሞውን ይችላሉ? ሉኪሚያው ሳይጠፋ የሚደረግ ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ ገንዘብም ሰውም ያሳጣል። ቀድሞ በሚቀርበው ከተማ ኬሞ ወስዶ በሽታውን ማጥፋት፣ ከዚያ መሄድ ይሻላል።

ለጋሽ ፍለጋ ከቤት ይጀምራል

መመሳሰል የሚለካው ኤችኤልኤ የሚባሉትን የሕዋስ መለያ ምልክቶች በሚያይ ምርመራ ነው፤ ከክንድ የሚቀዳ ጥቂት ደም ወይም ከጉንጭ ውስጥ የሚወሰድ ጥራጊ ይበቃዋል። የደም ዓይነት መመሳሰል ግዴታ አይደለም። ይህ ብዙ ቤተሰብን ያስገርማል፦ ኦ የሆነ ሰው ለኤ ሊለግስ ይችላል፤ ታካሚውም ከጥቂት ወራት በኋላ የደም ዓይነቱ ወደ ለጋሹ ይቀየራል። ይህን አይርሱት፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

እያንዳንዱ ልጅ የኤችኤልኤውን ግማሽ ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ይወርሳል። ስለዚህ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጅ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለት ወንድምና እህት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚመሳሰል የማግኘት ዕድሉ 44 በመቶ፣ ሦስት ያለው 58፣ አምስት ያለው 76 በመቶ ገደማ ነው። በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች በአብዛኛው ቢበዛ ግማሽ ነው የሚገጥሙት። አባት፣ እናትና ልጅ ሁልጊዜም ቢያንስ ግማሽ ይገጥማሉ። ግማሽ መመሳሰል ድሮ በር ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ በመስጠት በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። በዓለም አቀፍ የለጋሾች መዝገብ ላይ የእኛ አካባቢ ሰው ጥቂት ስለሆነ ተስፋን እዚያ ላይ ከመጣል ቤተሰቡን ሁሉ ማስመርመር ይቀድማል፤ ዓረብ አገር ያለችውን እህት ጭምር።

ኤችኤልኤ አንዳንዴ ቤተሰቡ ያልጠበቀውን የዝምድና ነገር ይገልጣል። ለለጋሹ የሚደረገው የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራም የራሱ የለጋሹ ምስጢር ነው። ስለዚህ ውጤቱ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ አይነበብ፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይነገረው። «እምቢ» ማለት የሚፈልግም ሰው እምቢታውን ለሐኪሙ ብቻ የሚናገርበት ዕድል ይኑረው።

ለጋሹ ላይ ምን ይደርሳል? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከዳሌ አጥንት በመርፌ መቅዳት ነው። ልኩ በታካሚው ኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ 50 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይሆናል። ዳሌው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያመዋል፤ መቅኔው በሳምንታት ውስጥ ራሱን ይተካል። ሁለተኛው፣ ሕዋሱ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጣ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ከቆዳ ሥር ለአራት ወይም ለአምስት ቀን መወጋት ነው። መጠኑ በቀን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600፣ ማለትም 300 የያዙ ሁለት ብልቃጦች። ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ማሽን ላይ ይተኛል፤ ደሙ በአንድ ክንድ ይወጣል፣ ሕዋሱ ተጣርቶ ይቀራል፣ ሌላው በሌላው ክንድ ይመለሳል። መርፌው ወገብና ዳሌ እንደ ጉንፋን ቁርጥማት ያሳምማል፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የበርካታ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር በተፈጥሮው ከውጭ መለኪያ ዝቅ የሚል ስለሆነ፣ ለጋሽ በዚያ ብቻ ሲጣል ካዩ «ለእኛ አገር ሰው ይህ የተለመደ አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ከመነሣት በፊት

ብዙውን ጊዜ መንገዱ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በሚደረግ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሕዋስ ቆጠራ፣ ይጀመራል፤ ሪፈር ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ይጻፋል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ የደም ሐኪሞች የሚገኙበት ነው። ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕላትሌትዎ፣ ከ10,000 በታች ከሆነ ወይም እየደሙ ከሆነ ደም ሳይወስዱ ለሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ አይቀመጡ፤ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መብረርም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሆንም።

ወረቀት ይሰብስቡ። የመቅኔ ምርመራ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናው የተቀባበትን መስታወት (ስላይዱን)ና በሰም የተያዘውን ናሙና (ብሎኩን) ራሱን ተቀብለው ይያዙ። ውጭ ያለው ሆስፒታል እንደገና ያያቸዋልና። እያንዳንዱን ውጤት በስልክ ፎቶ አንሥተው በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ የእኛ መስከረም 2 እዚያ ጃንዋሪ 2 ተብሎ የተነበበበት ወረቀት ማቃናት አድካሚ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ መቼ ስንት ከረጢት ደምና ፕላትሌት እንደወሰዱ ይመዝግቡ።

ስለ ደም አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ንቅለ ተከላ ከታሰበ የወንድም፣ የእህት፣ የእናት ወይም የአባት ደም አይውሰዱ። ሰውነትዎ የቤተሰብዎን ምልክት ለይቶ መዋጋት ይለማመድና በኋላ መቅኔያቸውን ሊመልሰው ይችላል፤ በተለይ መቅኔው የደረቀ ታካሚ ላይ። ወንድምዎ ደም ባንክ ሄዶ ቢለግስ ችግር የለውም፤ ከረጢቱ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ለእርስዎ የሌላ ይሰጣል። «የወንድሙን በቀጥታ ስጡት» ብሎ መለመን ግን ፍቅር የሚመስል ጉዳት ነው።

የተደበቀ ተላላፊ ነገር ሳይታከም ኬሞ ውስጥ መግባት ከሁሉ የከፋ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በራጅና በአክታ ይፈተሽ። ሄፓታይተስ ቢ ሁለት ምርመራ አለው፤ «ኔጋቲቭ» የተባለው አሁን ያለውን ቫይረስ የሚያየው ብቻ ሊሆን ስለሚችል የድሮ ጠባሳውን የሚያሳየውንም ያስመርምሩ። ቫይረሱ ተኝቶ ኖሮ በኬሞው ሊነሣ ይችላል፤ በእንክብል ግን ይገታል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል በሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ መከላከያ ሲወርድ ግን መላ አካልን ይወርራል። ስለዚህ ሐኪሞች በጥርጣሬም ቢሆን አይቨርሜክቲን ቢሰጡዎ አይገረሙ፤ ካልሰጡዎ ደግሞ ይጠይቁ። የበሰበሰ ጥርስ ይነቀል ወይም ይሞላ። ልጅ መውለድ ለሚፈልግ ሰው ዘር ወይም እንቁላል የማስቀመጥ ጥያቄ የሚነሣው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አብዛኞቹ ከባድ ኬሞዎች ያመክናሉ፣ ይህንንም ማንም በራሱ ጊዜ ላይነግርዎ ይችላል።

የቢጫ ወባ ካርድ ጉዳይ ብዙ ጉዞ አደናቅፏል። ሕንድ ከኢትዮጵያ ከሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱ ለለጋሹና ለአስታማሚው ደኅና ነው፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ግን ለታካሚው አደገኛ ነው፣ መወጋት የለበትም። ታካሚው ክትባቱን መውሰድ እንደማይችል የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከካርዱ ጋር ይይዛል፤ ያም ሆኖ መግቢያው ላይ እንዳይያዝ ኤምባሲውንና የሚሄድበትን ሆስፒታል ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለጋሹ ግን 10 ቀን አይበቃውም፤ ሕይወት ያለው ክትባት ከወሰደ በኋላ ከመለገሱ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ሊቆይ ይገባል። ስለዚህ ለጋሽ እንደታወቀ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፤ ቲኬቱ ይደርሳል።

ቪዛው የሕክምና ቪዛ ነው፤ አብሮ ሂያጁ የአስታማሚ ቪዛ ይወስዳል። ለአንድ ታካሚ ሁለት አስታማሚ ይፈቀዳል፤ ለጋሹ አንዱን ቦታ ከያዘ የሚቀረው አንድ ነው። ለጋሽና አስታማሚ አንድ ሰው ቢሆን ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ታካሚው በጣም በሚደክምበት ሳምንት ለጋሹም ዳሌውን ይዞ ተኝቶ ይሆናል። ከሆስፒታሉ የሚመጣው «የጥቅል ዋጋ» ላይ ደግሞ የማይካተተውን ይጠይቁ፦ ከተባለው ቀን በላይ መተኛት፣ ዳግም መግባት፣ የፈንገስና የቫይረስ መድኃኒት፣ ፕላትሌት፣ የቤት ኪራይ። ሒሳቡ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ

ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ዜሮ ነው። ኬሞው ከስድስት ቀን በፊት ከጀመረ ያ ቀን «ሲቀነስ ስድስት» ይባላል፤ ሕዋሱ የሚገባበት ቀን ዜሮ ነው፤ ከዚያ «ሲደመር አንድ» እያለ ይቀጥላል። ነርሶች የሚያወሩት በዚህ ቋንቋ ነው።

ለማየሎማ ሜልፋላን የሚባለው ኬሞ ሲሰጥ አፍዎ ውስጥ በረዶ ይያዙ፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ ካለቀ በኋላም እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ። ቅዝቃዜው የአፍን ደም ሥር አጥብቦ ቁስሉን ይቀንሳል። በረዶ ውስጥ የተቀመጠ የራስ ሕዋስ ሲገባ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ማቆያ ኬሚካሉ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ከዚያ የሚመጡት ሁለት ሳምንታት ከባዶቹ ናቸው። ነጭ ሕዋስ ዜሮ ይሆናል፤ አፍና ጉሮሮ ይላጣል፤ ምራቅ መዋጥ ሞርፊን እስከ መፈለግ ሊደርስ ይችላል። በግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይጉመጥመጡ። መፋቂያ አይንኩ፤ ሰበዙ ድድን ይወጋል፣ ፕላትሌት በሌለበት አይቆምም። ለስላሳ የልጅ ብሩሽ ይበቃል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ። ሳይበሉ ኪሎ ከጨመሩ፣ ሆድ ከተነፋና የቀኝ ጎን ከጎድን በታች ካመመ የጉበት ደም ሥር መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይነጋ ይንገሩ። ሽንት ከቀላም እንዲሁ።

«ያዘ» የሚባለው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስ ለሦስት ተከታታይ ቀን ከ500 በላይ ሲሆን ነው። በራስ ሕዋስ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ በለጋሽ ከ14 እስከ 21 ቀን አካባቢ ይደርሳል። በ28ኛው ቀን ካልደረሰ ሕዋሱ አልያዘም የሚል ሥጋት አለ። ቁጥሩ ሳይወጣ ሰው ስለደከመ ብቻ ተስፋ አይቆረጥም፤ ቁጥሩ ወጣ ተብሎም አይዘለልም።

ጂቪኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያስታውቀው መዳፍና ውስጥ እግር በማሳከክና በመቅላት ነው። ከዚያ ተቅማጥ። ነርሷ «ስንት ጊዜ?» ሳይሆን «ስንት ሚሊ ሊትር?» ብላ ትጠይቃለች፤ በአዋቂ በቀን ከ500 በላይ ከሆነ አንጀት ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተሰጠው ዕቃ ይለኩ እንጂ አፍረው አይድፉት። የዓይን ቢጫነት ጉበትን ያመለክታል። ቶሎ ከተነገረ በስቴሮይድ ይያዛል።

እስከ መቶኛው ቀን

በለጋሽ ሕዋስ ከታከሙ ከሆስፒታል ቢወጡም እስከ 100ኛው ቀን ድረስ ከከተማው አይርቁ። በየሳምንቱ ሲቢሲ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ሳይቶሜጋሎ የሚባለውን ቫይረስ የሚፈልግ ፒሲአር ይደረጋል። ይህ ቫይረስ በአገራችን አዋቂ ሰው ሁሉ ዘንድ ተኝቶ አለ ማለት ይቻላል፤ ምልክት ከማሳየቱ በፊት በፒሲአር ሲያዝ ነው ቀላል የሚሆነው።

አዲሱ የመከላከያ ሠራዊት ታካሚውን እንዳያጠቃ የሚገታው መድኃኒት፣ ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ፣ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ሰዓት አቆጣጠራችን ያሳስታል፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጠዋት 8 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት» ብሎ ከምሳ በኋላ የዋጠ ሰው አለ። ካርቶኑ ላይ በእኛ አቆጣጠር «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብለው በማርከር ይጻፉ። የመድኃኒቱ መጠን በደም በሚለካበት ጠዋት ደም እስኪቀዳ ድረስ አይዋጥም፤ ውጦ የተለካ ውጤት ሐሰት ከፍታ ያሳያል፣ ሐኪሙም ሳያስፈልግ ይቀንሳል። ግሬፕፍሩት አይበላም፤ መጠኑን ያንራል።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ከመመለስዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ሲቢሲ በየሳምንቱ የሚሠራልዎ የት ነው፣ የሳይክሎስፖሪን መጠን የሚለካው የት ነው፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚገኘው የት ነው። የመጀመሪያው ደሴም ኮምቦልቻም አያስቸግርም። ሁለቱ ግን አዲስ አበባ ድረስ ሊወስዱ ስለሚችሉ የሁለት ወር መድኃኒት በእጅ ሳይኖር አይነሡ። ፊልግራስቲምን የመሰለ መርፌ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ሲገባም በጨርቅ ይጠቅለል፣ በረዶው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ቀዝቅዞ ይበላሻል።

ውሃ ይፈላ። ኮምቦልቻ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ጸበልም ዘምዘምም ለመጠጥ ከሆነ ይህንኑ ይመለከታል፤ የደረት ቱቦ እያለ ጸበል መጠመቅ ደግሞ ቱቦውን ለባክቴሪያ መክፈት ነው። የንስሐ አባትንም ሆነ ሼሁን አስቀድመው ያማክሩ። ጾምም እንዲሁ፦ ሳይክሎስፖሪን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ጉዳቱን ያከብደዋል፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ማዕድ ቤቱ በብዙ አይለወጥም። ዶሮና ምስር ወጥ በደንብ በስሎ ትኩስ ይበላ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ፣ የቤት ጠላና ጠጅ፣ ያልበሰለ ሰላጣ፣ ዳጣ ይቅሩ። ንጥር ቅቤ ይቻላል። በርበሬ ወጡ ሲሠራ ይግባ እንጂ ሚጥሚጣም ሆነ በርበሬ ከላይ አይነስነስ፤ ደረቅ ቅመም ሻጋታ አያጣውም። እንጀራ በተጋገረ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ፤ ነጥብ ካወጣ ቆርጦ መጣል አይደለም፣ ሙሉውን ነው የሚጣለው። ጫት ያልበሰለ ቅጠል ነው፤ ታጥቦም የማይታመን። የአገር ባህል መድኃኒት ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ ከሳይክሎስፖሪን ጋር አይቀላቀል።

እንኳን ደኅና መጣህ ለማለት ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ዕጣን ማጨስ የወጉ ነው። እርጥብ ሣርና ሻጋታው ግን ሳንባ ውስጥ የሚበቅል ፈንገስ ያመጣል፤ ለዓመት ያህል ወለሉ ባዶ ይሁን፣ ቡናው ያለ ጭስ ይፈላ። የሚጠይቅ ሰው ከበር ውጭ አይከለከል፤ ግን አንድ በአንድ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሳይስም፣ ያሳለው ደግሞ በስልክ። የእህል አቧራ፣ የዶሮ ቤትና የፈረሰ ግንብ ያለበት ቦታ አይቅረቡ። ፀሐይ ቆዳ ላይ ጂቪኤችዲን ይቀሰቅሳል፤ ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ያለ ባርኔጣ ወይም ያለ ነጠላ አይወጣም። ኮምቦልቻና ከዚያ ዝቅ ያለው ቆላ ወባም አለው፤ አጎበር በየሌሊቱ ይዘርጋ።

ቤት ውስጥ የአፍ የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ሕፃን ካለ ቫይረሱ በሰገራው ስለሚወጣ ለስድስት ሳምንት ያህል ሽንት ጨርቁን ሌላ ሰው ይቀይር።

ትኩሳት

ቴርሞሜትር ከእጅ የማይለይ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም 38.0 ሆኖ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ ቀኑም ይሁን ሌሊቱ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ፓራሲታሞል ውጦ «ይውረድ እስኪ» ማለት ምልክቱን ይሸፍናል። ወደ ትንሽ ክሊኒክ ሲገቡ ደም ተወስዶ «ታይፎይድ ታይፈስ ነው» ወይም «ወባ ነው» ተብሎ እንክብል ይዘው ወደ ቤት የሚሸኙበት ዕድል ሰፊ ነው። ወባ ቢገኝ እንኳ ወባው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ለሕመም ደግሞ የዳይክሎፌናክ መርፌ በየክሊኒኩ እንደ ልብ ይሰጣል፤ ፕላትሌቱ ላነሰ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፣ ጡንቻ ላይ መወጋቱ ሲጨመር ሦስት።

ደሴ ላይ በጣት የሚለካው የኦክስጅን ቁጥር ከባሕር ወለል ከተማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደኅና በሆኑበት ቀን ለክተው ያስቀምጡ፤ ሲታመሙ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ድንገተኛ ክፍል ላይ ማስረዳት ስለማይቻል በካርቶን ላይ ተጽፎ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንድ ቅጂም ስልኩ ላይ፦

«የመቅኔ ንቅለ ተከላ በ… ቀን ተደርጎልኛል። ትኩሳት ካለኝ ውጤት ሳይጠበቅ በ1 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመርልኝ። የቀድሞ የደም ዓይነቴ …፤ የለጋሼ …። ደም ካስፈለገኝ ጨረር ያለፈበት ይሁን። በጡንቻ መርፌ፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን አይሰጠኝ። ሳይክሎስፖሪን ስለምወስድ ክላሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞልና ሪፋምፒሲን ሐኪሜ ሳይጠየቅ አይሰጡኝ። የሐኪሜ ስልክ …»

ሪፋምፒሲን የነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ ሳይክሎስፖሪንን ከደም ጠርጎ ያወጣል። ሌሎቹ ሁለቱ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ጨረር ያለፈበት ደም በአቅራቢያ ከሌለና ሰው እየደማ ከሆነ ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ካርዱ የሚጠቅመው ጥያቄው እንዲነሣ ነው። የደም ዓይነቱ መስመር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው። ድሮ ደም ሲሰጡ ኤ የተባሉ ሰው ዛሬ ኦ ሆነው ሊገኙ፣ በመካከሉ ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ሊታዩ ይችላሉ። የድሮ መታወቂያ ወይም የድሮ ካርድ አይቶ ደም መስጠት አይገባም፤ እስኪጣራ ድረስ ቀዩ ደም ኦ ይሆናል።

የልጅነት ክትባትዎ ከድሮው መቅኔ ጋር ሄዷል። እንደ ሐኪምዎ ምክር ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ጀምሮ የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ፣ ከዚያ የቴታነስ፣ የሄፓታይተስ ቢና የመርፌው ፖሊዮ እንደገና ይወሰዳሉ። ኩፍኝና ቢጫ ወባን የመሳሰሉት ሕይወት ያላቸው ከ24 ወር በፊት አይሞከሩም፤ ከዚያም በኋላ ሳይክሎስፖሪኑ ከቆመና ጂቪኤችዲ ከሌለ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው በዘመቻ ቀን ሲሰለፉ ካርዱን ቀድመው ያሳዩ።